ሳል፣ ኪራይና ክስ በአንድ ወረቀት ላይ፦ የአየርላንድ ገጠር የቤተሰብ ደብዳቤዎችን ለምታነቡ

ነርስ ነኝ፤ የምኖረው አየርላንድ፣ ሮስኮመን ካውንቲ ውስጥ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። አክስቱ እርጅና ሲጫናቸው ከአሮጌው የእርሻ ቤት ወጥተው ከተማ ዳር ወዳለች ትንሽ ቤት ገቡ። ዕቃ ሲጓዝ በገመድ የታሰረ የደብዳቤ ክምር ተገኘ። ከ1820ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ቤተሰቡ የተጻጻፈው ነው። ከዘመዶቹ ጊዜ ያለው የለም፤ ያንን ዓይነት የእጅ ጽሑፍ የሚያነብም የለም። እኔ የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ ስለኖርኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ያዝኩት።

እዚህም እንግሊዝም አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዳችሁ የምትንከባከቡ ብዙ ሐበሾች አላችሁ። በጋብቻ የገባችሁም አላችሁ። አንድ ቀን "እስቲ ይቺን አንብቢልኝ" መባላችሁ አይቀርም። እኔ ማን ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የምላችሁ ይህን ነው፤ ደብዳቤዎቹን በጉዳይ አትለያዩ። አክስታችን ሦስት ማኅደር ገዝተው ጠበቁኝ። አንዱ ለጤና፣ አንዱ ለጭሰኞች፣ አንዱ ለፍርድ ቤት። የሚያስኬድ ይመስላል። ግን አንዱን ደብዳቤ ስትከፍቱት የእናት ሳል፣ ያልተከፈለ ኪራይና የጠበቃው ምክር በአንድ ገጽ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታገኛላችሁ። ይህ የጸሐፊዎቹ መዝረክረክ አይደለም። በዚያ አገር የመሬት ሕግ የሰው ትንፋሽና የመሬት ይዞታ በቀጥታ የተሳሰሩ ነበሩ። ስለዚህ በቀን ቅደም ተከተል ብቻ አስቀምጧቸው። በክር ታስረው የመጡትንም እንደታሰሩ ቆጥራችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ከዚያ ፍቱ። አብሮ የታሰረ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ ነው የታሰረው፤ አንዳንዴ ለጠበቃ ሊሰጥ።

ትስስሩ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፤ ይህን ካልተረዳችሁ የደብዳቤዎቹ ግማሽ ተራ ሰላምታ ይመስላችኋል።

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ብዙ የመሬት ኪራይ ውል የሚፈረመው ለተወሰነ ዓመት ሳይሆን "ለሦስት ሕይወት" ነበር። ውሉ ላይ የሦስት ሰዎች ስም ይጻፋል። ከሦስቱ አንዱ እስካለ ድረስ ውሉ ይጸናል፤ የመጨረሻው ሲሞት ውሉ አብሮ ይሞታል፤ መሬቱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ብልህ ተከራይ ሕፃናትን ያስመዘግባል፣ ረጅም ዕድሜ እንዲያገኝ። የንጉሥ ልጆችን ስም ያስገቡም ነበሩ፤ የልዑል ሞት ይሰማልና ምስክር መፈለግ አያስቸግርም። ለዘላለም የሚታደስ የሚባል ዓይነትም ነበር፤ አንዱ ሰው ሲሞት ገንዘብ ተከፍሎ በምትኩ ሌላ ስም ይገባል። የዚህን ዓይነቱን ውል ወደ ቋሚ ይዞታ ለመለወጥ ሕግ የወጣው በ1849 ነው። ለሕይወት የተያዘ መሬት የምርጫ ድምፅም ይሰጥ ነበር። በዓመት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ይዞታ ያለው ይመርጥ ነበር። በ1829 ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ ሲፈቀድ ግን መለኪያውን ወደ 10 ፓውንድ ከፍ አድርገው ድሃውን ገበሬ ከምርጫ አስወጡት። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ማለት ይኼ ነው።

የባለቤቴ ቤተሰብ ትልቅ ባላባት አልነበረም፤ ሚድልማን የሚሏቸው ናቸው። ሰፊ መሬት ከአንድ ጌታ በሦስት ሕይወት ውል ይዘው፣ እነሱ ደግሞ ቆራርሰው ለትናንሽ ጭሰኞች ያከራዩ ነበር። ወደ ላይ ሲያዩ ተከራይ፣ ወደ ታች ሲያዩ ጌታ። ውሉ ላይ ያሉት ሦስት ስሞች አባትየው፣ የበኩር ልጁና ታናሹ ልጅ ናቸው። አባት በ1832ቱ ኮሌራ ሞቱ። ታናሹ ወደ አሜሪካ ሄዷል። የቀረው ደረቱን የሚታመመው የበኩር ልጅ ነው።

አሁን ከ1830ዎቹ አጋማሽ የሆነችውን አንዲት ደብዳቤ አብረን እንይ። እህት ከደብሊን ለወንድሟ የጻፈችው ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፣ ታጥፎ ታጥፎ ራሱ ፖስታ የሆነ። ማሸጊያው ቀይ ሰም ሲቀደድ ሁለት ቃል ይዞ ሄዷል። ገጹን ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን በጎን አዙራ በጻፈችው ላይ አቋርጣ እንደገና ጽፋበታለች፤ መረብ ይመስላል። መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ደረቱ ነው፤ የአህያ ወተት ይጠጣል ወይ፣ ሐኪሙ ደም ቀዳ ወይ፣ ሌሊት ያልበዋል ወይ። በጎን የተጻፈው ደግሞ ሌላ ነው። የጌታው ወኪል መንገድ ላይ አግኝቷት ስለ ወንድሞቿ ደኅንነት እጅግ በትሕትና እንደጠየቃት፣ በተለይ ከአሜሪካው ወሬ መጥቶ እንደሆነ ለማወቅ እንደፈለገ ትጽፋለች። እሷም መጥቷል ብላ መለሰችለት። አልመጣም ነበር። ከዚያ ለወንድሟ፣ ሰው ቢጠይቅህ አንተም እንዲሁ በል፣ እናታችንም ይህንኑ ትበል ትለዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሉ ላይ ስሙ ያለ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ ሰባት ዓመት ድምፁ ከጠፋ፣ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ሕጉ እንደ ሞተ ይቆጥረው ነበር። ወኪሉ ጤና ሲጠይቅ ዓመት እየቆጠረ ነው። እህትየውም ገብቷታል። ያቺ ማታ ያን ገጽ ሳነብ እኔም እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ለምን እንደሆነ ስደት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ በደብዳቤ ውስጥ "እገሌ እንዴት ከረሙ?" የሚል ስታዩ፣ ሰውዬው ውል ላይ ስማቸው እንዳለ ፈትሹ። ሁለተኛው መፈተሽ ያለበት የመበለት ድርጎ ነው። ደህና ቤተሰብ ሲጋባ የጋብቻ ውል ይጻፋል፤ ባል ቀድሞ ከሞተ ሚስት እስክትሞት ድረስ ከመሬቱ ገቢ በየዓመቱ ይህን ያህል ይከፈላታል ይላል። ለታናናሽ ልጆችም ድርሻ ይመደባል። የመሬቱ ገቢ በቀነሰ ጊዜም ይህ ክፍያ አይቀንስም። እና ሴት አያት 90 ዓመት ሲኖሩ፣ ወራሹ እየወደዳቸውም ቢሆን በዕዳ ይሰጥማል። በእኛ ክምር ውስጥ የልጅ ልጅ ስለ አያቱ ጉንፋን የጻፈው አለ፤ ፍቅሩ የእውነት ነው፤ ሦስት መስመር ወረድ ብሎ ግን ድርጎው በዚህ ዓመት ስንት እንደሆነ ያሰላል። ሰውን አትፍረዱበት። ሁለቱንም አንብቡ፣ ሁለቱንም ጻፉ።

ይህ የእኛ ቤት ተረት ብቻ አይደለም። ከእኛ ብዙም የማይርቀው ስትሮክስታውን ፓርክ የታወቀ ምሳሌ ነው። የርስቱ ባለቤት ሎርድ ሃርትላንድ በ1836 አእምሯቸው መታወኩ በሕግ ተወሰነ። ርስቱን ማን ያስተዳድር በሚለው ዘመድ ከዘመድ ተካሰሰ። ክርክሩ እስኪያልቅ ኪራይ ሰብሳቢ ላላ፣ መሬቱ እየተከፋፈለ ሄደ፣ ውዝፉ ተከመረ። ሎርዱ በ1845 ሲሞቱ ሜጀር ዴኒስ ማሆን ወረሱ፤ ያው ዓመት ድንች የበሰበሰበት ነው። በ1847 ሜጀሩ 1,490 ጭሰኞችን ወደ ካናዳ አሳፍረው ላኩ። ብዙዎቹ መርከብ ላይና ግሮስ ኢል በምትባለው የኳራንቲን ደሴት በተስቦ አለቁ። እሳቸውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 በጥይት ተገደሉ። የአንድ ሰው የአእምሮ ሕመም፣ የፍርድ ቤት ሙግት፣ ከዚያ የጭሰኞች እልቂት፤ አንዱን ነጥላችሁ ብታነቡት ሌላው አይገባችሁም። ርስቱን በኋላ በ1979 የገዛው የአካባቢው ነጋዴ የርስቱን ወረቀቶች አገኘ። ከመካከላቸው ክሉናሂ የሚባል መንደር ሰዎች በ1846 የጻፉት የእርዳታ ልመና ነበረበት። ዛሬ እዚያው የረሃብ ሙዚየም አለ፤ በዚህ በኩል ካለፋችሁ ሂዱና እዩ።

አሁን ወደ ጤናው። ነርስ በመሆኔ እዚህ ጋ ትንሽ ልመጻደቅ።

የድሮ ደብዳቤ ላይ ያለ የበሽታ ስም ከዛሬው ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። "ፊቨር" ብለው ሲጽፉ ተራ ትኩሳት ማለታቸው አይደለም፤ በ1840ዎቹ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተስቦ ወይም ግርሻ ነው፣ ሁለቱም በቅማል የሚተላለፉ። በረሃቡ ዘመን፣ ከ1845 እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲሞት አብዛኛው የሞተው በባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን በነዚህና በተቅማጥ ነው። "ኮንሰምፕሽን" ወይም "ዲክላይን" ካሉ ሳምባ ነቀርሳ አስቡ። "ድሮፕሲ" የሰውነት ውኃ መቋጠር ነው፤ ልብ ወይም ኩላሊት ሊሆን ይችላል፤ ከደብዳቤ ላይ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፣ ስለዚህ ምርመራ አትስጡ። "ኮንፋይንመንት" መውለድ ነው። አልቅትና ደም መቅዳት ለሁሉም ነገር ነው። ሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ከተጻፈ ግን እኔ ስሙን ባይጽፉትም ገብቶኛል።

በሽታ ደግሞ ከኪራይ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነበረው። የአየርላንድ ገበሬ ኪራይ የሚከፍለው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ብዙ ቦታ ሜይ 1 እና ኖቬምበር 1። የግማሽ ዓመቱ ክፍያ "ጌል" ይባላል። ጭሰኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ጌል ሳይከፍል ይቆያል፤ ደግነት ይመስላል። ግን ሁልጊዜ ስድስት ወር ባለዕዳ ነው ማለት ነው፤ ባለመሬቱ በፈለገው ቀን ክስ መመሥረት ይችላል። ታዲያ ወኪል "እገሌ ቤት ፊቨር ገብቷል" ብሎ ሲጽፍ ለሐኪም ጥራ ማለቱ አይደለም። የኖቬምበሩ ጌል አይመጣም ማለቱ ነው። ሰብሳቢውንም ወደዚያ ቤት አልልክም ማለቱ ነው፣ ቅማሉን ፈርቶ። አንዷን ደብዳቤ ላይ ይህን ካየሁ በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ፍንትው አሉልኝ።

ከረሃቡ በኋላ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ለማንበብ ሁለት ሕጎች ማወቅ አለባችሁ። አንደኛ፣ ከ1843 ጀምሮ ግምቱ 4 ፓውንድና ከዚያ በታች የሆነ ይዞታ ላይ የድሆች መርጃ ግብሩን ሙሉውን የሚከፍለው ባለመሬቱ ነው። ጎጆው ቢበዛ ግብሩ ይበዛል። ጎጆ ማፍረስ ለምን እንደበዛ ገባችሁ? ሁለተኛ፣ በ1847 የወጣው አንቀጽ ከሩብ ኤከር በላይ የያዘ ሰው የመንግሥት እርዳታ አያገኝም ይላል። መሬትህን ልቀቅ ወይ ተራብ ነው። አያቶቻችን "መሬት ላራሹ" ሲባል ስለሰሙ እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ከ1851 በኋላ ደግሞ ድሃ በትኬት ነፃ ሐኪም ያገኝ ነበር፤ ቀይ ትኬት ሐኪሙ ቤት ድረስ እንዲመጣ ነው። ደብዳቤ ላይ ቀይ ትኬት ተሰጠ ወይም ተከለከለ የሚል ካያችሁ ይኼ ነው።

ስለ አነባበቡ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። እስከ 1840 ድረስ የፖስታ ሒሳብ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነበር፤ ሒሳቡም በርቀትና በወረቀት ብዛት ነው። አቋርጠው የሚጽፉት፣ ፖስታም የማይጠቀሙት ለዚህ ነው። በ1840 ጃንዋሪ ቀለል ያለ የአገር ውስጥ ደብዳቤ ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን በአንድ ፔኒ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ሰፋ ሰፋ ይላል፣ ዓይናችሁም ያርፋል። የተቋረጠውን ለማንበብ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ምስሉን 90 ዲግሪ አዙሩት፣ አጉሉት፣ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ጮክ ማለቱ ይረዳል፤ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል። ቀን ላይ "ኢንስት" ካለ በዚህ ወር፣ "አልት" ካለ ባለፈው ወር ማለት ነው፤ ይህን ያላወቀ ቅደም ተከተሉን ያበላሻል። ትራንስክሪበስ የሚባል የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ ለንጹሕ ጽሑፍ ያግዛል፣ የቦታ ስም ላይ ግን አትመኑት።

ገንዘቡ ፓውንድ፣ ሽልንግ፣ ፔኒ ነው፤ 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ። ከ1826 በፊት የአየርላንድ ገንዘብ ከእንግሊዙ ያንስ ነበር፤ 13 የአየርላንድ ፔኒ አንድ የእንግሊዝ ሽልንግ ነው። ኤከሩም እንደዚሁ፤ አንድ የአየርላንድ ኤከር 1.62 የእንግሊዝ ኤከር ይሆናል። ውሉ ላይ 50 ኤከር፣ መዝገቡ ላይ 81 ስታዩ ሰው ሰረቀ ብላችሁ እንዳትነሡ።

የጻፉት እውነት መሆኑን የት እናጣራ? እዚህ ጋ ያዘነ ይዘን፤ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ፎር ኮርትስ ግቢ ያለው የመዝገብ ቤት ነደደ። ኑዛዜዎች፣ የ1821፣ 31፣ 41 እና 51 የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው፣ የብዙ ፕሮቴስታንት ደብሮች መዝገቦች፣ አመድ ሆኑ። የ1861ና የ1871 ቆጠራዎች ቀድሞውኑ በመንግሥት ትዕዛዝ ተወግደው ነበር፤ የ1881ና የ1891 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወደ ወረቀት ፋብሪካ ሄዱ። ስለዚህ ከክምሩ ውስጥ የተገለበጠ ኑዛዜ ካገኛችሁ፣ ዓለም ላይ የቀረው ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ከ2022 ጀምሮ የተቃጠለውን ከተበተኑ ቅጂዎች መልሶ የሚሰበስብ "ቨርቹዋል ሪከርድ ትሬዠሪ" የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ በነፃ ነው።

የተረፈውም ቀላል አይደለም። እኔ የምጀምረው ከግሪፊዝ ግምት ነው፤ ከ1847 እስከ 1864 የተሠራ፣ ማን የትኛውን መሬት ከማን ተከራይቶ እንደያዘ ከነስፋቱ የሚዘረዝር። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። የእኛዎቹን ያገኘኋቸው በተከራይ ዓምድ ሳይሆን በአከራይ ዓምድ ነው፤ ሚድልማን የሚገኘው እዚያ ነው። ከእሱ በፊት ከ1823 እስከ 1837 የአሥራት መዝገብ አለ። የ1901ና የ1911 ቆጠራ ሙሉ በሙሉ ተርፏል፣ ናሽናል አርካይቭስ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ልደትና ሞት በመንግሥት የሚመዘገበው ከ1864 ጀምሮ ነው። ከ1858 በኋላ ያሉ ኑዛዜዎች ቢቃጠሉም የዓመታዊ ዝርዝራቸው አለ፤ ማን መቼ ሞተ፣ ስንት ተወ፣ ንብረቱን የማስፈጸም ሥልጣን ለማን ተሰጠ ይላል።

ለውል ግን ወርቁ ያለው ሬጅስትሪ ኦቭ ዲድስ የሚባለው የውሎች መመዝገቢያ ነው። በ1708 የተቋቋመ፣ ያልተቃጠለ፣ ደብሊን ሄንሪየታ ጎዳና ላይ ያለ። የማይክሮፊልሙ ምስል ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይም ይታያል። የእኛን የሦስት ሕይወት ውል ያገኘሁት እዚያ ነው፤ የሦስቱ ስም ከነዕድሜያቸው። ታናሹ ሲመዘገብ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ሌላው ምንጭ በ1849 የተቋቋመው በዕዳ የተያዙ ርስቶች ፍርድ ቤት ነው፤ ርስት ለጨረታ ሲያቀርብ የጭሰኞቹን ስም፣ ኪራይና የውል ዓይነት በካርታ አሳትሞ ነበር። ውሉ ላይ ካሉት ሰዎች ማን እንዳለ ማን እንደሞተ ጭምር ይጻፋል፤ ገዢው ማወቅ አለበታ!

የቦታ ስም ስትፈልጉ በመንደር ወይም በከተማ አትፈልጉ፤ "ታውንላንድ" የሚባለውን ትንሿን ክፍል ያዙ። ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። ደብዳቤ ጸሐፊዎች እንደ ጆሯቸው ነው የሚጽፉት። ሎጋንም የሚባለው የመንግሥት የቦታ ስሞች ድረ ገጽ የአጻጻፍ ልዩነቶቹን ያሳያል።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። የበኩር ልጁ በረሃቡ ማብቂያ ሞተ። ከአሜሪካው ማስረጃ አልመጣም። ጌታው ውሉ አለቀ ብሎ ሰፊውን መሬት ወሰደ፤ ቤተሰቡ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ብቻ ያለ ውል፣ በጌታው ፈቃድ የሚቀመጥ ጭሰኛ ሆኖ ያዘ። ትናንት ኪራይ ጠያቂ የነበሩት ዛሬ ይቅርታ ለማኝ ሆኑ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያው ነው፣ ትሕትናው ግን ሌላ። በ1879 ለጭሰኞች መብት የሚታገለው ማኅበር፣ ላንድ ሊግ፣ ሲመሠረት እንኳ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ወንበዴዎች ይሏቸዋል። የ1881ዱ ሕግ ፍርድ ቤት ኪራይ እንዲወስን ሲፈቅድ ግን ማመልከቻ ያስገቡት እነሱ ናቸው፤ ለ15 ዓመት የሚጸና ቅናሽ አገኙ። ከ1903ቱ የዊንደም ሕግ በኋላ በመንግሥት ብድር መሬቱን ገዙት፣ በ68 ዓመት ተኩል የሚከፈል። አክስታችን ልጅ ሳሉ አባታቸው በዓመት ሁለቴ ለላንድ ኮሚሽን፣ ለመንግሥቱ የመሬት መሥሪያ ቤት፣ ሲከፍሉ ያስታውሳሉ። "ኪራይ" ነበር የሚሉት አባቴ፣ ገዝተውትም ብለው ይስቃሉ።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎች ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። እዚያ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት አለ። አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይመጣል፤ አየርላንድ ውስጥ አባት ሲናዘዝ እርሻውን ለአንድ ወንድ ልጅ ይሰጥና፣ ላላገባች ሴት ልጅ ደግሞ ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍልና ቀለብ እስከ ዕለተ ሞቷ ይሰጣታል። በሕግ የጸና መብት ነው። ወንድም አግብቶ ሚስት ስታመጣ ቤቱ ይጠባል። ከዚያ ስለ እኅት "ነርቭ" መጻፍ ይጀመራል። በ1950ዎቹ አየርላንድ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በአእምሮ ሆስፒታል ካስተኛቻቸው ሰዎች ብዛት በዓለም ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዷ ነበረች፤ ሁሉም ታማሚ አልነበረም። በእኛ ክምር ውስጥም እንዲህ ያለች ሴት አለች። ሐኪሙ የጻፈው አጭር ነው፤ ከጠበቃው ጋር የተጻጻፉት ግን ረጅም ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አክስታችንን ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ላንብብልዎ ወይስ ይቅር? ሻይ አፈሉ። "አውቃለሁ፣ እናቴ ነግራኛለች፣ ግን አንቺ አንብቢው" አሉኝ። አነበብኩላቸው። ያ ጥቅል ለብቻው ይቀመጥ፣ እኔ ካለፍኩ በኋላ ደግሞ ይከፈት አሉ። አልተቃጠለም፤ አልተለጠፈምም። እናንተም የቤቱን ሽማግሌ ሳትጠይቁ የጤና ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ። ደግሞ ወረቀቱ የእናንተ ወይም የአማቾቻችሁ ቢሆንም፣ የተጻፈው ቃል የቅጂ መብት፣ ጊዜው ካላለፈ፣ የጸሐፊው ወራሾች ነው፤ ለማሳተም ስታስቡ ይህን አስታውሱ።

አያያዙን በተመለከተ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፤ ጓንት አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያስቀድዳል። የተቀደደን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ሙጫው ዓመታት ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል። በእርሳስ ብቻ ጻፉ። የዛገ መርፌ ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡና የት እንደነበረ ጻፉ። የታጠፈውን እየከፈታችሁ በየቀኑ አታጥፉ፤ ዘርግታችሁ አሲድ በሌለው ማኅደር አስቀምጡ። ከጭስና ከእርጥበት ራቅ፤ የአየርላንድ ጣሪያ ሥር ማለት እርጥበት ማለት ነው። የምትገለብጡትን እንደተጻፈ ገልብጡ፣ ስሕተቱን አታርሙ፤ ያላነበባችሁትን ቅንፍ ክፈቱለትና እለፉ።

መጨረሻ ላይ የት ይቀመጥ የሚለው ይመጣል። ደብሊን ኪልደር ጎዳና ያለው ናሽናል ላይብረሪ ትላልቅ የርስት ወረቀቶችን ይይዛል። ለሰሜኑ ክፍል ቤልፋስት ውስጥ ፕሮኒ የሚባለው የሰሜን አየርላንድ መዝገብ ቤት አለ። ለእንደ እኛ ዓይነቱ ትንሽ ክምር የካውንቲው ላይብረሪ ይበቃል፤ ተመራማሪውም ጎረቤቱም እዚያ ነው የሚመጣው። ከማስረከባችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ስጦታ ነው ወይስ አደራ? አደራ ከሆነ መልሶ የመውሰድ መብቱ የማን ነው? የተዘጋው ጥቅል ለስንት ዓመት ይዘጋል? ዲጂታል ቅጂውንስ ቤተሰቡ ያገኛል? አክስታችን አደራ መረጡ። የእኔን ግልባጭም ጨመሩበት፤ ለታናሹ ወንድም ግን የመጨረሻውን ቀን ባዶ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ አሜሪካ ያላችሁ የ1830ዎቹን የመርከብ ዝርዝር መፈለግ የምትወዱ ካላችሁ የገባበትን ወደብ ለማግኘት ከየት እንደምጀምር ጻፉልኝ።